ራጁ ንጹህ ነው ካሉን በኋላ ሲቲ ስካን ለምን? (ድሬዳዋ)

የከዚራው | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጀመዓ። አንድ ነገር ግራ ቢገባኝ ነው የመጣሁት።

አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጥርሳቸውን ያለ ማደንዘዣ ያስነቀሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሲያቃስቱ ሳይ እግሬ ከዳኝ። ባጃጅ ጠርቼ አንድ ክሊኒክ አደረስኳቸው። መርፌ ተወጉ፣ ቀለል አላቸው።

ጠዋት ራጅ ታዘዘ። ተነሱ። «ንጹህ ነው» ተባልን። ከሰዓት ደግሞ አልትራሳውንድ። «ግራ ኩላሊታቸው ትንሽ ውሃ ይዟል፣ ምክንያቱ ግን አልታየም» አሉን። ዛሬ ደግሞ ሲቲ ስካን ይነሱ ተብሏል።

መጀመሪያውኑ ለምን ሲቲውን አላዘዙም? ወይስ ሦስት ጊዜ ሊያስከፍሉን ነው? የጨረሩስ ነገር? አባባ ራሳቸው «የድሬ ፀሐይ አይበቃኝም እንዴ፣ ደግሞ በማሽን ልጠበስ?» እያሉ ነው።

ደንገጎ | ሰኞ፣ ማታ 2፡52

ቢዝነስ ነው አቦ። ማሽኑን በብድር ገዝተው ብድሩን በእኛ ጎን ይከፍላሉ።

የገንደቆሬዋ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

አባትህን እግዚአብሔር ይማራቸው። ደንገጎ፣ አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ቢዝነስ ነው። ወንድሜ በባጃጅ ወድቆ እጁ ሲያብጥ ቤተሰቡ ሁሉ «ወጌሻ ይበቃዋል» አለ። ወጌሻው አሽቶ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ራጁ ክርኑ አጠገብ ስብራት አሳየ። ማሰሪያው ደሙን ዘግቶት ኖሯል። እጁ የተረፈው ለጥቂት ነው። ራጅ ለማዳን የወጣ ብር አይቆጨኝም።

ራጅ ቤት | ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ሰላም የከዚራው። ሐረር ራጅ ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ራዲዮግራፈር ነኝ። እኔ አነሳለሁ፤ አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው። በዚያው ልክ ስሙኝ።

ሁልጊዜ የሚያጣላን «ንጹህ ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ንጹህ ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም። ይሄ ማሽን ማየት የሚችለውን አይቶ አላገኘም ማለት ነው። እያንዳንዱ ማሽን ደግሞ የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ራጅ ጥላ ነው። ፀሐይ ላይ እጅህን ብትዘረጋ መሬቱ ላይ ጥላ ይወጣል አይደል? ልዩነቱ የራጅ ጨረር ሥጋን አልፎ መሄዱ ነው። ሳንባ ውስጥ አየር ስላለ ጨረሩ ሳይያዝ ያልፋል፣ ምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል። አጥንት ካልሲየም አለበት። ካልሲየም ጨረሩን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ነጭ ይወጣል። ሥጋ፣ ደም፣ ኩላሊት፣ ሽንት ግን ሁሉም ተቀራራቢ ግራጫ ናቸው።

ካልሲየም ያለው የኩላሊት ጠጠር በራጅ ሊታይ ይችላል። ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ግን ከሥጋው ጋር ተመሳስሎ ይቀራል። ካልሲየም ያለውም ቢሆን ትንሽ ከሆነ የአንጀት ጋዝ ይሸፍነዋል፣ ወይም የዳሌ አጥንት ላይ ተደርቦ ይጠፋል። ጥላ ስለሆነ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይነባበራል።

አልትራሳውንድ ሌላ ነገር ነው። ደንገጎ (ሰውየውን ሳይሆን ተራራውን ማለቴ ነው) ላይ ቆመህ ብትጮህ ገደሉ ይመልስልሃል። ያው የገደል ማሚቶ ነው። ማሽኑ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልካል። ድምፁ ሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ማሽኑ መልሱ የመጣበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። ያ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባውም አየር እንዳይገባ ነው። ድምፅ አየር ሲያገኝ እዚያው ተመልሶ ይቀራል። አንጀት ውስጥ ያለ ጋዝም እንደዚያው ይጋርዳል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ደግሞ መንገዱ በአንጀት ጀርባ ነው።

ስለዚህ አልትራሳውንዱ ያየው ውጤቱን ነው። ደቻቱ ወንዝ ላይ ውሃ ሳይወርድ ከቆመ ታች የደፈነው ነገር አለ ትላለህ አይደል? የአባትህ ኩላሊት ውሃ መያዙም እንደዚያ ነው። ምን እንደደፈነው ነው ያልታየው።

ሲቲ ራሱ ራጅ ነው። ግን ቱቦው በሰውየው ዙሪያ ይሽከረከራል። ከየአቅጣጫው የተገኘውን ኮምፒውተሩ ቀምሮ ሰውነቱን እንደ ተቆረጠ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ያሳያል። መነባበር ቀረ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብም ቁጥር ይሰጣል። ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ። አጥንት ብዙ መቶ ይደርሳል። በዚህ መለኪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓይነት ጠጠር፣ የዩሪክ አሲዱም ጭምር፣ ከሥጋው ጎልቶ ይወጣል። ቁጥሩ የሚጠራው በሃውንስፊልድ ስም ነው። በፈረንጆቹ 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋ ታማሚ ጭንቅላት የተነሳው እሱ በሠራው ማሽን ነው። መሐንዲስ ነበር፤ ሕክምና አልተማረም። በ1979 ግን የሕክምናን ኖቤል ከኮርማክ ጋር ተካፍሏል። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ ይለኛል።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅከኝ፣ የመጀመሪያው ራጅ ቢቀርም ይቻል ነበር ባይ ነኝ። አልትራሳውንዱ ግን ትክክለኛ መነሻ ነው። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም። በዚያ ላይ ከ60 በላይ የሆነ ሰው በድንገት ጎኑን ሲያመው ጠጠር ብቻ አይታሰብም። ከልብ የሚወርደው ትልቁ ደም ሥር ሆድ ውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል። እሱ ከፈነዳ የሚገድል ነው፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ደህና አድርጎ ያየዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው ሲቲ እስኪነሱ አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዳቸው። የተዘጋ ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ከተጨመረ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

የከዚራው | ሰኞ፣ ማታ 4፡41

ዶክተር እግዜር ይስጥህ። ትኩሳት የላቸውም። ስለ ጨረሩ ግን አልመለስክልኝም።

ራጅ ቤት | ሰኞ፣ ማታ 5፡02

ዶክተር አይደለሁም አልኩህ እኮ። ደግሞ አንቺ በለኝ።

ጨረሩ የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው። ማንም ሰው ምንም ሳይነሳ ከአፈሩ፣ ከሰማዩ፣ ከሚበላው በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ነው፤ የሁለት ሳምንት ኑሮ በለው። የሆድ ሲቲ ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል፤ ይሄ የአራት ዓመት ነው። ለጠጠር ተብሎ ጨረሩ ተቀንሶ ከተነሳ ወደ 3 ይወርዳል። «ለጠጠር ነው፣ በዝቅተኛ ጨረር ይቻላል?» ብለህ ብትጠይቅ ነውር የለውም።

በ63 ዓመት ሰው ላይ፣ ኩላሊቱ ውሃ ይዞ፣ እኔ ብሆን አላመነታም። በሕፃን ላይ ወይም «ለማንኛውም ልነሳ» ለሚል ጤነኛ ከሆነ ግን አመነታለሁ። የወር አበባዋ የዘገየ ሴትም በሩ ላይ ሳትጠየቅ ቀድማ ትናገር። ባል ወይም አማት አጠገብ ስላሉ ዝም የሚሉ አሉ። እኔ ሰበብ ፈልጌ ለብቻ አስገብቼ ነው የምጠይቃቸው።

የአባባን ፀሐይ በተመለከተ፣ የድሬ ፀሐይ ቆዳ ላይ ነው የሚቀረው በያቸው፣ ይቅርታ በላቸው።

ሳቢያን መንደር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ካነሳችሁት አይቀር እኔም ልጠይቅ። እህቴ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ የጤና ምርመራ አድርጋ «ሳንባዋ ላይ ነጥብ አለ» ብለው ጣሏት። አታስላትም፣ አልከሳችም፣ ምንም የላትም። ልጅ ሆና ግን የሳንባ መድኃኒት ስድስት ወር ወስዳ ነበር። አሁን ቤት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እናቴ ሰሃኗን ለይታለች።

ራጅ ቤት | ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡30

ሰሃኑን መልሱላት። ቲቢ በሰሃን አይተላለፍም፣ በትንፋሽ ነው።

የዳነ ቲቢ ጠባሳ ይተዋል። ብዙ ጊዜ ከሳንባው ላይኛው ጫፍ ላይ። ያ ጠባሳ በራጅ ነጭ ሆኖ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ራጅ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ ጀርሙ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቅም። እሱን የሚያውቀው የአክታ ምርመራ ነው፤ ጀርሙ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት፣ ካልቸር የሚሉት።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም አዲስ ማሽን ይበልጣል፣ የድሮ ፊልም። ከዓመታት በፊት የተነሳችው ካለ ፈልጉት። ፍራሽ ሥር፣ ቁምሳጥን ላይ፣ የትም። ነጥቡ ያኔም እዚያው ከነበረና ካልተለወጠ የራዲዮሎጂስቱ ንባብ ሌላ ይሆናል። ሰው የድሮ ራጁን መስኮት ላይ ለፀሐይ መከለያ ሲለጥፈው አይቻለሁ፤ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

ጀጎል5 | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ራጅ ሲነሳ እኛ ሐረሮች ራምቦን እናስታውሳለን። ጀጎል ውስጥ በስሙ ሙዚየም ያለው ፈረንሳዊ፣ እኛ ጋ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የነበረው። በፈረንጆቹ 1891 ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ በሰው ሸክም፣ በቃሬዛ ወሰዱት። ማርሴይ ሲደርስ እግሩን ቆረጡት። ካንሰር ነበር። ኖቬምበር 10 ሞተ፤ ገና 37 ዓመቱ።

ሮንትገን ራጅን ያገኘው መቼ መሰላችሁ? ኖቬምበር 8፣ 1895። ሰውየው ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው።

ደንገጎ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡18

ራጅ ቢኖርስ? «ንጹህ ነው» ብለው ይመልሱት ነበር።

ራጅ ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ሳቅሁ። ግን አይመስለኝም። አጥንት የሚበላ ዕጢ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ራጅ ላይ መልኩ ያስደነግጣል። እግሩን ያተርፍለት ነበር ወይ ካልክ ሌላ ነገር ነው። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ዛሬም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ በቅባት ስንት ወር ይታሻል። ልጅ ወይም ወጣት ከሆነና ሌሊት ሌሊት አጥንቱን የሚያመው ከሆነ አንድ ራጅ ይነሳ።

ነርሷ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡25

እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። «ንጹህ» የሚለው ቃል እኛም ጋ ያጣላናል። በቅርቡ አንድ አባት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ተጣሞ መጡ። ሲቲ ተነሱ። ደም የለም ተባለ። ልጆቹ «ንጹህ ከሆነማ እንውሰዳቸው፣ ልክፍት ነው» ብለው ተነሱ። እንደ እብድ ለመንኳቸው።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። የደም ሥር ሲፈነዳና ሲዘጋ። ከፈነዳ ደሙ ሲቲ ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተዘጋ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲው ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔ ሲቲ የሚነሳው ስትሮክ መኖሩን ለማወቅ አይደለም፤ ያን በዓይናችን እያየነው ነው። ደም አለመኖሩ እንዲረጋገጥ ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱ ሕክምና ተቃራኒ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለተዘጋው ይጠቅማል፣ ለፈነዳው መርዝ ነው።

ሰውየው አሁን በከዘራ ይራመዳሉ።

ደንገጎ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

እሺ፣ እኔም ልናዘዝ። ወገቤን ያመኛል። ሸገር ድረስ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሰው በቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ከቶ በመዶሻ የሚደበድብ ማሽን ነው። ውጤቱ «ዲስክ ወጥቷል» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀሪካን አላነሳሁም። ሚስቴ ናት ውሃ የምትቀዳው። ሐኪሙ ግን ኪኒንና ስፖርት ብቻ ሰጥቶ ሸኘኝ። ቢዝነስ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ራጅ ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡35

ሚስትህ ትሰማለች?

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ደግሞ እንደ ኮምፓስ መርፌ ለማግኔት ይታዘዛል። ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ይነቀንቀዋል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰጠው ምልክት ነው ሥዕል የሚሆነው። ስለዚህ ራጅ የማያውቃቸውን ነገሮች፣ ዲስክ፣ ነርቭ፣ ጅማት፣ አንጎል፣ አጥርቶ ያሳያል። ያ ድብደባ ማግኔቱ ውስጥ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች መብራት ሲገባባቸውና ሲወጣባቸው የሚንቀጠቀጡት ነው። የተለመደው 1.5 ቴስላ ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል። ማግኔቱ ደግሞ ሰው ባይኖርም አይጠፋም። ቁልፍ፣ መቀስ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ሳይቀር ይስባል። የልብ ማሽን ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ችግሩ አጥርቶ ማሳየቱ ነው። ምንም የማያማቸውን የ40 እና የ50 ዓመት ሰዎች ብታነሳ ብዙዎቹ ላይ ወጣ ያለ ዲስክ ታገኛለህ። እንደ ሽበት ቁጠረው። ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ አንተን ነው ያከመው። እግርህ ከደከመ፣ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ ያኔ ሩጥ። ካልሆነ ጀሪካኑን አንሳ። በጉልበትህ ጎንበስ እያልክ።

የገንደቆሬዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡37

ይሄን ለሚስቱ የሚያደርስ ሰው ይኑር።

የከዚራው | ረቡዕ፣ ማታ 1፡55

ተነሱ። ግን አንድ ነገር አናደደኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሲቲ ስትነሳ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተዋት ነበር፤ «ሰውነቴ ሞቀኝ» ስትል ሰምቻለሁ። አባቴን ግን ያለ ምንም መርፌ አጋድመው በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሱ። ሙሉውን ሳይሠሩ ነው እንዴ የሸኙን?

ራጅ ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

በደንብ ነው የሠሩት። ያ መድኃኒት አዮዲን ያለበት ነው፣ ኮንትራስት እንለዋለን። ደም ሥርን፣ ዕጢን፣ መግልን አጉልቶ ያሳያል። ግን እሱም ነጭ ነው፣ በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይወጣል። ነጭ ጠጠር በነጭ ሽንት መሃል ብትፈልግ ጤፍ ላይ ጤፍ መፈለግ ነው። ለጠጠር ያለ መርፌ ነው የሚነሳው።

ኮንትራስት ለሚያስፈልጋቸውም ቢሆን አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚሉት፣ ይታያል። የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን የሚወስዱና ከዚህ በፊት በመርፌው ያሳከካቸው ሰዎችም መናገር አለባቸው።

ውጤቱስ?

የከዚራው | ሐሙስ፣ ማታ 12፡50

ወጣ! ግራ፣ ቱቦው ፊኛ ውስጥ ሊገባ ሲል፣ 5 ሚሊሜትር ጠጠር። አጠገቡ 340 የሚል ቁጥር አለ። ሐኪሙ «በራሱ ሊወርድ ይችላል» ብሎ ቱቦውን የሚያላላ ኪኒንና ማስታገሻ ሰጣቸው፣ ውሃ ጠጡ አላቸው። የሚወጣውን ጠጠር አጥልላችሁ አምጡልኝም ብሏል። እናቴ የሻይ ማጥለያዋን ሰውታለች። አዲስ ካልተገዛላት ሻይ የለም ብላለች።

ራጅ ቤት | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

እሰይ! እስከ 5 ሚሊሜትር ያለው አብዛኛው በራሱ ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ በሩ ላይ ደርሷል።

340ው የነገርኩህ የሃውንስፊልድ ቁጥር ነው። የካልሲየም ጠጠር ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ይበልጣል። እንዲህ ዝቅ ሲል ዩሪክ አሲድ ይጠረጠራል። ራጁ ላይ ያልታየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ማጥለያውም ለዚህ ነው፤ ጠጠሩ ተመርምሮ ዩሪክ አሲድ ከሆነ ሽንቱን ከአሲድነት የሚመልስ መድኃኒት አለ፣ ጠጠሩን እስከ ማሟሟት ይደርሳል። ሐኪሙን ጠይቀው። አባባ በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?

የከዚራው | ሐሙስ፣ ማታ 1፡44

ውሃ? እሳቸው? ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት ጫት በሻይ። «ውሃ ለአበባ ነው» ነው የሚሉት። አሁን ግን ሃይላንድ ይዘው ይዞራሉ። ሕመሙ አስተምሯቸዋል።

ደንገጎ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

የአባትህ ጠጠር ምን ደረሰ? ደግሞ ዛሬ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜያለሁ። ለመረጃ ያህል።

የከዚራው | ቅዳሜ፣ ቀን 8፡25

ዛሬ ንጋት ላይ ወረደ! ምስር ታክላለች፣ ቡናማ ቢጫ ናት። አባባ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጠው ለመጣ ሰው ሁሉ እያሳዩ ነው። ሰኞ ወደ ሐኪሙ እንወስዳታለን፣ ከሰጡን።

ራጅ ቤት፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የሲቲውን ሲዲ ሰጥተውናል፣ አባባ ቤት ውስጥ ካላየሁ ብለዋል። የእኔ ላፕቶፕ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። የጎረቤት ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ ከተትነው፣ እምቢ አለ።

ራጅ ቤት | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡05

ዲቪዲ ማጫወቻ አይከፍተውም። ፋይሉ ዳይኮም የሚባል ዓይነት ነው። ሲዲ ማስገቢያ ያለው የድሮ ኮምፒውተር ፈልግ፣ ኢንተርኔት ካፌም ይኖራቸዋል። ብዙ ጊዜ ሲዲው ውስጥ ራሱ ማሳያ ፕሮግራም አብሮ አለ። እግረ መንገድህን ወደ ፍላሽ ገልብጠው፣ ሲዲ ይጫጫራል። ፍላሹን ደግሞ ከክብሪት ቀፎው ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡት።